ክርክር፦ የሙስሊሙ ሚዲያ የሚያወራው ከማን ጋር ነው?

የደሴ ልጅ፦
አሰላሙ ዐለይኩም። ሌሎቻችሁም ጤና ይስጥልኝ።
ነገሩ የመጣው ከሥራ ቦታ ነው። ረመዳን ላይ ነው። አጠገቤ የምትቀመጥ ክርስቲያን ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ "ውሃም አይቻልም?" አለችኝ። አይቻልም አልኳት። "ኧረ ኩላሊትህ!" ብላ ሳቀች። ቆይታ ግን የምሯን ጠየቀችኝ። የታመመ ሰው ምን ያደርጋል? እርጉዝስ? የወር አበባ ላይ ያለች ሴትስ? የማውቀውን ነገርኳትና "ቆይ ጥሩ ቪዲዮ ልላክልሽ" ብዬ ስልኬን ከፈትኩ።
አንድ በአማርኛ የሚሠራ ቻናል አገኘሁ፤ ስሙ ይቅር። ርዕሱ ስለ ጾም ነው። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ከሃያ። መግቢያው ዐረብኛ ነው፤ አልተተረጎመም። ኡስታዙ ስለ ጾም ጥቂት እንዳለ ነገሩን ጠመዘዘና ሌላኛውን ጀማዓ፣ ማለትም ሌላኛውን የሙስሊም ቡድን፣ መውቀስ ጀመረ። እስከ መጨረሻው ወቀሰ። ሌላ ከፈትኩ፤ እሱም ያው። ልጅቷ እየጠበቀች ነው። "በኋላ እልክልሻለሁ" አልኳት። እስከ ዛሬ አልላክሁም።
ጥያቄዬ ይሄ ነው። የሙስሊሙ ሚዲያ ለጎረቤትም መናገር አለበት ወይስ የለበትም? እኔ አለበት ባይ ነኝ።

ሐቅ ይነገር፦
ወዐለይኩሙ ሰላም ወንድሜ። ቅሬታህ ይገባኛል፤ ድምዳሜህን ግን አልቀበልም።
እኛ ለዚህ አገር እንግዳ ነን እንዴ ራሳችንን የምናስተዋውቀው? በ1999ኙ ቆጠራ እንኳ ከመቶ 33.9 ነን። ትግራይ ውስጥ ነጋሽ ያለው ትናንት የተሠራ መስጊድ ነው? ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሙ አዲስ አበባ ላይ ሲሰለፍ አንዱ የሚያንገበግበው "በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች" መባሉ ነበር። ተከራይ ይመስል! ከስንት ዓመት በኋላ ደግሞ እኛው በገዛ ቻናላችን ቆመን "እኛ እንዲህ ነን፣ አትፍሩን" እንበል?
ሚዲያው በቅድሚያ ለሙስሊሙ ነው። ዲኑን ይማር፣ መብቱን ይወቅ። ሸገር ከተማ ውስጥ መስጊዶች ሲፈርሱ፣ አክሱም ላይ ተማሪዎች በሒጃባቸው ምክንያት ትምህርት ቤት አትገቡም ሲባሉ፣ የሙስሊሙ ሚዲያ ባይኖር ኖሮ ማን ያን ያህል ይጮህላቸው ነበር? ሥራው ይሄ ነው።

ጣና ማዶ፦
👏👏 ቁርጥ ያለ ንግግር።

እሙ ሐናን፦
ሐቅ ይነገር፣ ለመብት መጮህ አይቅር። ግን ጩኸቱን የሚሰማው ማን ነው? አንተና እኔ ብቻ ከሆንን እኛማ ቀድሞውንም እናውቃለን።
የ2004ቱን አስታውስ። አወሊያ በሚባለው የሙስሊሞች ትምህርት ቤት ላይ በተነሳው ጉዳይ በየጁምዓው (በየዓርቡ) ተሰለፍን። በሐምሌ የ"ሙስሊሞች ጉዳይ" መጽሔት አዘጋጅ ታሰረ። የቀረን ፌስቡክ ነበር፤ የእንቅስቃሴውን ገጽ "ድምፃችን ይሰማ"ን እናነብ ነበር። ጎረቤታችን ግን ያንን ገጽ አያነብም። ጥር 2005 ላይ ጉዳዩ ገና ፍርድ ቤት እያለ በመንግሥት ቴሌቪዥን "ጂሃዳዊ ሐረካት" (የጂሃድ እንቅስቃሴ እንደማለት) የሚል ፊልም ተላለፈ። ስለ እኛ ብዙው ሰው ያየው ያንን ነው። በየጁምዓው የቆምንለትን ጥያቄ በአንድ ምሽት ሌላ ስም ሰጡት። ያኔ ለጎረቤት በአማርኛ የሚናገር አንድ ጣቢያ ቢኖረን ኖሮ አትልም?

ሐቅ ይነገር፦
እሙ ሐናን፣ ያኔ ጣቢያ ያጣነው ለጎረቤት ማውራት ስላልፈለግን አይደለም። ስለተከለከልን ነው።

ካሜራ ጀርባ፦
እዚህ ላይ ልግባ፤ የኖርኩበት ነገር ነው። ሙስሊም ሚዲያ ውስጥ ለጥቂት ዓመታት ካሜራም ይዣለሁ፣ ኤዲትም አድርጌያለሁ።
ክልከላው እውነት ነው። በ1999 የወጣው የብሮድካስት አዋጅ የሃይማኖት ድርጅት ፈቃድ እንዳይሰጠው ይከለክል ነበር። ለሁሉም ሃይማኖት ነው፣ ለእኛ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ሁሉም ከውጭ በሳተላይት ይገባ ነበር። በሩ የተከፈተው በ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ነው። አሁን ሚንበር፣ ነሲሓ፣ ሐሩን የሚባሉ ጣቢያዎችን እንቆጥራለን።
ግን በሩ ከተከፈተም በኋላ ፕሮግራሙ ለምን ያው ሆነ? በአጭሩ ብር ነው። የሳተላይት ኪራይ በዶላር ነው። ማስታወቂያ እንደ ሌላው ጣቢያ አይመጣም፤ ባንኩም ከወለድ ነፃውን ብቻ ነው የምታስተዋውቀው። ታዲያ የሚያቆምህ ሰደቃ ነው። ረመዳን ላይ ሌሊቱን በሙሉ ቀጥታ ሥርጭት፣ ስልክ፣ "ከጅዳ እህታችን ይህን ያህል፣ ከዋሽንግተን ወንድማችን ይህን ያህል"። የሚሰጠው ሰው ደግሞ ለራሱ ጀማዓ የሚመቸውን ኡስታዝ ማየት ይፈልጋል። ለጎረቤቱ ብሎ ማን ያወጣል? አንድ ጊዜ አሥር ደቂቃ የሚሆን፣ ለማንም ሰው የሚገባ ፕሮግራም ይዘን ቀርበን "ይሄ ዳዕዋ (የዲን ጥሪ) ነው ወይስ መዝናኛ?" ተባልን። ቀረ።

አራት ኪሎ፦
እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ካልከፋችሁ ልጠይቅ። እንደ እኔ ያለ ሰው ስለ እስላም የሚያየው ቴሌቪዥን ላይ አይደለም፣ ቲክቶክ ላይ ነው። የሃይማኖት ንጽጽር የሚሉት ክርክር አለ። የእናንተው አንድ ሰው፣ የእኛው አንድ ሰው፣ መሐል ላይ ስጦታ የሚወረውር ሺህ ሰው። ያኛው መጽሐፍህ ተበርዟል ይላል፣ ይሄኛው ነቢይህ እንዲህ አደረገ ይላል። ሁለት ሰዓት አይቼ ስዘጋው ስለ እናንተ አንድ ነገር አላወቅሁም። ተናድጄ ብቻ ነው የምተኛው።

ጣና ማዶ፦
"ስለ እስላም" አትበል። ሃይማኖቱ እስልምና፣ ሰውየው ሙስሊም ነው። እስላም እያሉ ሰውን መጥራት ስድብ ነው።

አራት ኪሎ፦
ይቅርታ፣ ወላሂ አላወቅሁም 😅 አያቴም እንዲሁ ነው የምትለው።

የሐይቅ ሰው፦
ልጄ፣ አትደንግጥ። እኛ ወሎ ውስጥ አባቶቻችን ራሳቸውን "እስላም ነን" ይሉ ነበር። ዛሬ ልጆቹ ሙስሊም በሉን ካሉ ሙስሊም ማለት ነው፣ ምን ይከብዳል። ስታርሙ ግን በእርጋታ አርሙ። "ስድብ ነው" ስትሉት ሰውየው ጥያቄውን ይዞ ይሄዳል።
ስለ ሚዲያ ካነሳችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ቁርኣን በአማርኛ ታትሞ የወጣው በ1961 ነው። ሼህ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ናቸው የደከሙበት። ከዚያም በፊት መንዙማው በአማርኛ ነበር፤ ጎረቤት ክርስቲያን ግድግዳ ተደግፎ ይሰማው ነበር፣ አዝማቹን የሚመልስም አይቻለሁ። ታዲያ አሁን ካሜራና ሳተላይት ይዘን እንዴት አማርኛው አነሰን?

ሐቅ ይነገር፦
አባባ፣ በአክብሮት ነው፤ መንዙማን ሁላችንም አንቀበልም፤ እዚህ ካነሳነው ክርክሩ ወደ ሌላ ይሄዳል። ቃሉን በተመለከተ ግን፣ ሶላትን "ስግደት" ብለን እንጥራው? ዘካን "ምጽዋት"? ትርጉሙ ይጎድላል።

አራት ኪሎ፦
ኧረ ሶላት፣ ዱዓ፣ ሰደቃ እኮ እኛም እንላለን! የሚጠፋኝ ሌላው ነው። "ሙብተዲዕ" ምንድን ነው? አንድ ቪዲዮ ላይ ሃያ ጊዜ ሰማሁት፣ ስድብ መሆኑ ብቻ ገባኝ።

ካሜራ ጀርባ፦
😂😂😂 ዲኑ ላይ አዲስ ነገር ጨመረ የሚባል ሰው ነው። እሱ ለአንተ አይደለም፣ እርስ በርሳችን ነው።

እሙ ሐናን፦
ሳቅንበት እንጂ የሚያሳፍር ነው። ጎረቤት ሲመጣ ቤት ይጠረጋል። እኛ ግን ሳሎናችን ውስጥ እየተጣላን በሩን በሳተላይት ከፍተነዋል።

የደሴ ልጅ፦
የሐይቁ አባት፣ ስለ ሠርጉ ነገር ቢጽፉልን? ባለፈው ያወሩኝን።

የሐይቅ ሰው፦
እሺ። የክርስቲያን ጎረቤቴ ልጁን ዳረ። ከሠርጉ ሁለት ቀን ቀድሞ ቤቴ መጣ። አንድ በግ ይዞ ነው የመጣው። "ይህን አንተ እረድ፣ ድስቱንም ከቤትህ አምጣ፣ የኔ ድስት ሥጋችን ነክቶታል" አለኝ። ቢስሚላህ ብዬ አረድኩ። የኛ ሴቶች ለብቻ ሠሩት። ዳሱ አንድ ነው፣ ማዕዱ ሁለት። ካህኑ በዚያ በኩል ባረኩ፣ እኔ በዚህ በኩል ዱዓ አደረግሁ። ሙሽራው በሁለቱም በኩል ዞሮ ጉልበት ሳመ።
ያ ሰው ሐላል ምን እንደሆነ ከማንም ኡስታዝ አልተማረም። ድስቱ እንኳ እንዳይነካካ የሚያውቀው አብሮን ስለኖረ ነው። የከተማው ልጅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በሩን ዘግቶ ስለሚኖር ይሄን አያይም። እናንተ ካሜራ ያላችሁት ይሄንን ለምን አታሳዩም?

ሐቅ ይነገር፦
አባባ፣ ይሄን አልቃወምም። እውነቱን ለመናገር እኔ የምጠላው "እስልምና ሰላም ነው" የሚለውን የልመና ፕሮግራም ነው። ተከሳሽ አስመስሎ ያቆምሃል። ኑሯችንን ማሳየት ግን ሌላ ነው። የመርካቶ ነጋዴ ስለ ቡና ዋጋ ሲናገር ሙስሊም መሆኑ ከስሙ ይታወቃል፤ መግለጫ አያስፈልገውም። ሐኪሟ በሒጃቧ ስለ ስኳር በሽታ ታስረዳ። ያንን ጎረቤትም ያያል። በዚህ ልስማማ እችላለሁ። ደርሱን፣ የዲን ትምህርቱን ግን አትንኩብኝ። ተማሪው ዐረብኛውንም ክርክሩንም ይፈልገዋል።

የደሴ ልጅ፦
ደርሱን ማን ነካው? ደርስ ደርስ ይባል፣ ለብቻው ሰዓት ይኑረው። እኔ የምለው ከሃያ አራቱ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ነው። ለዚያች ልጅ። የታመመ በኋላ ያካክሳል፣ ጨርሶ የማይችል አዛውንት በየቀኑ አንድ ድሃ ያበላል፣ የወር አበባ ላይ ያለች አትጾምም፣ በኋላ ትከፍላለች። አለቀ። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ማንንም አይነካም።

ጣና ማዶ፦
እኔ አሁንም ጥርጣሬ አለኝ። ግማሽ ሰዓቱን ማን ይከፍላል? ካሜራ ጀርባ ነገረን እኮ።

ካሜራ ጀርባ፦
እውነት ነው። ግን ለሦስት ደቂቃ ሳተላይት አያስፈልግም። ስልክም ይበቃል። የሚያስፈልገኝ ቤት ነው፤ እውነተኛ ኩሽና፣ የዐስር (የከሰዓት) ሶላት ካለፈ በኋላ ያለው ሩጫ፣ ሳምቡሳው ሲጠበስ፣ ልጆቹ ቴምሩ ላይ አፍጥጠው አዛን ሲጠብቁ። ስቱዲዮ ውስጥ ይሄን መሥራት አይቻልም፣ ሞክረነዋል፣ የውሸት ይመስላል። ለመጪው ረመዳን ቤቱን የሚያበድረኝ ሰው አለ?

አራት ኪሎ፦
እኔ ልምጣና ጠያቂው ልሁን? ጥያቄው በሽ ነው። ለምሳሌ አዛን ሳይሰማ ፀሐይዋ መግባቷን ካየህ መብላት ይቻላል? ሁሌ ነው የሚገርመኝ።

እሙ ሐናን፦
ይቻላል፣ መግባቷን እርግጠኛ ከሆንክ። አዛኑ ማስታወቂያው ነው።
ካሜራ ጀርባ፣ ቤቴ ና። ባለቤቴን ጠይቄ ቀኑን በውስጥ እጽፍልሃለሁ። ፊቴን ግን አትቀርጽም። ካሜራው ሾርባው ላይ ይሁን፣ ድምፄን ከፈለግህ ውሰድ። አራት ኪሎም ይምጣ፣ ግን ሳምቡሳውን ከአዛን በፊት ከነካ በሩ ወዲያ ነው።

አራት ኪሎ፦
እኔ እኮ አልጾምም 😭

እሙ ሐናን፦
ልጆቹ እያዩህ? አይሞከርም።