ስላቀረብነው ፕሬዘንቴሽን ሪፍሌክሽን ጻፉ ተባልን፤ ምን ልጻፍ?

ጠያቂ፦ የቱሉ ዲምቱው ተማሪ

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። 11ኛ ክፍል ነኝ፤ የምማረው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። የአማርኛ መምህራችን በታሪክ ትልቅ ተጽዕኖ ስላሳደሩ ሰዎች በግሩፕ አጥንተን እንድናቀርብ አዞን ነበር። እቴጌ ጣይቱን፣ አቡነ ጴጥሮስን፣ ዶክተር አክሊሉ ለማን የያዙ አሉ። ለእኛ አበበ ቢቂላ ደረሰን።

አቅርበን ጨርሰናል። አሁን ደግሞ እያንዳንዳችን ሁለት ገጽ ሪፍሌክሽን ጻፉ ተባልን። ስለራሳችን ግሩፕና ስለ ሌላ አንድ ግሩፕ። ከ10 ይያዛል፤ ሰኞ ነው የምናስረክበው።

ችግሬ ምን መሰላችሁ፤ «ፕሬዘንቴሽኑ በጣም አሪፍ ነበር፤ ብዙ ትምህርት አግኝቻለሁ» ብዬ ጀመርኩና እዚያው ቆምኩ። ሁለት ገጽ በምን ይሞላል? የአበበን ታሪክ እንደገና ልጻፈው?

ሌላው፣ ከግሩፓችን አንዱ ልጅ ምንም አልሠራም። ስሙ ግን ፍሊፕ ቻርቱ ላይ አለ። ይሄን ልጻፍ ወይስ ልተወው?

ደግሞ ስንጨርስ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ መግዣ አጥቶ ነው?» ብላ ጠየቀች። ከእኛ አንዱ «አዎ» አለ፤ ሌላዋ «ኧረ አይደለም» አለች። ሲከራከሩ ደወል ተደወለ። እውነቱ የቱ ነው?

የጀሞ ልጅ

ወንድሜ ነገሩን አታካብደው። የአበበን የሕይወት ታሪክ አንድ ገጽ ተኩል ሙላበት። መጨረሻ ላይ «ከዚህ የተማርኩት ጽናትን ነው» በል። እጅ ጽሑፍህን ደግሞ ገዘፍ አድርገው። እኛ እንደዚያ ነው ያለፍነው።

መምህርት ከሰበታ

የጀሞው ልጅ ይቅርታ ያድርግልኝና፣ እንደሱ የተጻፈ ወረቀት ከ10 አምስት ካገኘ መምህሩ ደግ ነው።

እኔም አማርኛ አስተምራለሁ። እንዲህ ያለው ወረቀት ተቆልሎ ነው የሚመጣልኝ። አብዛኛው «አበበ ቢቂላ በ1924 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ» ብሎ ይጀምራል። ይሄ ግን ፍሊፕ ቻርቱ ላይ ነበር። መምህርህም እዚያው ክፍል ቁጭ ብሎ ሰምቶታል። እሱን ለምን ትነግረዋለህ? አሁን ማወቅ የሚፈልገው አንተ ምን እንዳሰብክ ነው።

ልጄ፣ የምትጽፈውን እኮ ራስህ ጠይቀኸዋል። ያ ደወል ያቋረጠው ክርክር ሪፍሌክሽንህ ነው። ከእሱ ጀምር። ማን ምን ብላ ጠየቀች? የግሩፓችሁ ልጆች ለምን ሁለት ቦታ ተከፈሉ? «አዎ» ያለው ልጅ ከየት አመጣው? አንተስ እስከዚያ ቀን ምን ይመስልህ ነበር? ከዚያ በኋላ ጠይቀህ፣ አንብበህ ምን አገኘህ? ይሄ ብቻ አንድ ገጽ ይወጣዋል። አየህ፣ ልደትና ሞት መጻፍ ማንም ይችላል፤ ያንን ክርክር ግን ከእናንተ ክፍል ውጪ የሚያውቀው የለም።

ሁለተኛው ገጽ ለሌላው ግሩፕ ይሁን። የትኛውን ልትመርጥ አሰብክ?

የሰንዳፋው

ስለ ጫማው እኔ ልመልስ፤ የአበበ ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም።

ገንዘብ አጥቶ አይደለም። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ሮም የሄደውም የኢትዮጵያ ቡድን አባል ሆኖ ነው። እዚያ የተሞከሩት ጫማዎች አልተመቹትም። በባዶ እግር መሮጥ ደግሞ ለእሱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሲለማመድበት ኖሯል። ስለዚህ ከአሠልጣኙ ከስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ጋር መክረው በባዶ እግሩ ሮጠ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፤ የዓለም ክብረ ወሰን። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማም ካልሲም አድርጎ ሮጠና 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት ቢሆነው ነው። እና «በድህነቱ ምክንያት» የምትለዋ ወሬ ለመስማት ታሳዝናለች እንጂ ሰውየው አስቦበት መወሰኑን ታስረሳለች።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ ካላነሳችሁት ጻፈው። የሮሙ ማራቶን በምሽት ነው የተሮጠው። መንገዱ ፋሺስቶች ከእኛ ወስደው እዚያ ባቆሙት የአክሱም ሐውልት አጠገብ ያልፍ ነበር። አበበ የሞሮኮውን ራህዲን ጥሎት የሄደው እዚያ አካባቢ፣ መጨረሻው ሲቃረብ ነው። ሐውልቱ እኮ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው።

የመኪና አደጋውም የደረሰበት በእኛው መንገድ ነው፤ በ1961 ዓ.ም. ሸኖ አካባቢ። ከዚያ በኋላ እግሮቹ አልታዘዙለትም። እሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ እንግሊዝ አገር በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። ብዙ ተማሪ ታሪኩን ቶኪዮ ላይ ነው የሚያቆመው።

ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ፣ ቃሊቲ

የተማሪ ወረቀት በየቀኑ በእጄ ያልፋል። የማየው ችግር የዓመተ ምሕረት ነው። ከኢንተርኔት ያገኙትን የፈረንጅ ዓመት ይዘው ሰባት ይቀንሱና «ዓ.ም.» ይላሉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ከሆነ ሰባት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን እስከ ጳጉሜን ድረስ ስምንት ነው የሚቀነሰው።

የአበበ ደግሞ ጉድ ነው። ሮም ላይ ያሸነፈው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፤ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ማለት ነው። በማግሥቱ ቢሆን 1953 ይሆን ነበር። የቶኪዮው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ነው። እዚያ ሰባት ይቀነሳል። ፍሊፕ ቻርታችሁን እስኪ እየው።

ጠያቂ፦ የቱሉ ዲምቱው ተማሪ

ኧረ እናመሰግናለን! ጳጉሜን 5 መሆኑን ማንም አላነሳም።

መምህርት፣ ለሌላው ግሩፕ የአክሊሉ ለማን መርጫለሁ። የጣይቱዎቹ ለእኛ ጀርባቸውን ሰጥተው ፍሊፕ ቻርቱን አነበቡት፤ ከኋላ የተቀመጠው ምንም አልሰማም። የአክሊሉዎቹ ግን እንዶድ ይዘው መጡ። አንዷ ልጅ ደረቁን ፍሬ እቤቷ ወቅጣ፣ በፌስታል ቋጥራ ነው ያመጣችው። ግማሽ ሃይላንድ ውሃ ውስጥ ጨምራ ክዳኑን ዘግታ ናጠችው። አረፋው እስከ አንገቱ ሞላ። ስትከፍተው ደግሞ ዴስኩ ላይ ገነፈለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሁልጊዜ የሚተኛው ልጅ እንኳ ቀና አለ።

ከዚያ «ዶክተር አክሊሉ በእንዶድ ቢልሃርዝያን አጠፋ» ብለው ጨረሱ። ይሄ ትክክል ነው?

ጤና ጣቢያ የምሠራ፣ ለገጣፎ

ጎበዝ ልጆች ናቸው፤ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ግን ታልፋለች። ቢልሃርዝያ ዛሬም አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፈው ጥገኛ ትል ከፊል ዕድሜውን የሚያሳልፈው ውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ሰውነት ነው። ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የገባውን ሰው በቆዳው በኩል ይይዘዋል። ዶክተር አክሊሉ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያየው ምንድን ነው? ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ፣ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተዋል። እንዶዱ እንደሚገድላቸው በምርምር አረጋገጠ። ስለዚህ እንዶድ መተላለፊያውን ነው የሚቆርጠው፤ የታመመውን ሰው አያድንም። ለዚሁ ሥራ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በአክሊሉ ስም ነው የሚጠራው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ በእንዶድ ማጠብ የእናቶቻችን የቆየ ዕውቀት መሆኑ ነው። ቤታችን ጋቢና ነጠላ በእሱ ነበር የሚታጠበው። ወንዙ ዳር ብዙ ሰው ተመላልሷል። እሱ ግን ቆም ብሎ የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች አየ። ልጅቷም ሃይላንዱን ስትንጥ ይህንኑ ነው ያሳየቻችሁ።

ጡረተኛው፣ ከቡራዩ

በጣይቱ ልጆች አትፍረዱ፤ እኛም በልጅነታችን ሰሌዳ ላይ አፍጥጠን ነው ያነበብነው። ግን ለመሆኑ የመቀሌውን ውሃ አነሱት? ጣሊያኖቹ እንዳ ኢየሱስ ላይ በመሸጉ ጊዜ «ምንጩን እንያዝባቸው» ያሉት እቴጌ ናቸው። በጥር 1888 ምሽጉን ለቀው የወጡት ውሃ ጥም አስጨንቋቸው ነው። «አዲስ አበባን ሰየሙ» ብሎ ማቆም ትንሽ ያስቆጫል።

የድሮ የክፍል አለቃ

ያልሠራውን ልጅ ስሙን ጥራው። ሌላው ሲለፋ እሱ በነጻ ማርክ ይብላ እንዴ? አንድ ለአምስት በነበረን ጊዜ ይሄ ነገር ስንቱን ጎበዝ ተማሪ አቃጥሏል።

መምህርት ከሰበታ

አልስማማም። ማርክ ማስቀነስ ከፈለገ ለመምህሩ በቃል ይንገረው፤ ሪፍሌክሽን የክስ ቻርጅ አይደለም። ለመሆኑ ልጁ ለምን አልሠራም? ጠይቃችሁታል?

ጠያቂ፦ የቱሉ ዲምቱው ተማሪ

እንገናኝ የነበረው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እሱ ኮዬ ፈጬ ነው የሚኖረው፤ ቅዳሜ ደግሞ አጎቱ ሱቅ ይሠራል። ቴሌግራም ላይ «ምን ልሥራ?» ብሎ ጽፎ ነበር። ያን ሰዓት ሥራው ተከፋፍሎ አልቋል።

መምህርት ከሰበታ

በል እንግዲህ እሱን እንዳለ ጻፈው፤ ስም አያስፈልግም። «የምንገናኝበት ቀን ለሁሉም አልተመቸም፤ ሥራውን ስንከፋፈል ያልነበረ ልጅ ድርሻ ሳያገኝ ቀረ» ማለት ይበቃል። ቀጥለህ ሌላ ጊዜ ሥራውን እንዴት እንደምትከፋፈሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨምር። መምህር ይሄን ሲያነብ ማን እንደሆነ ይገባዋል፤ አትጨነቅ።

ጠያቂ፦ የቱሉ ዲምቱው ተማሪ

እሺ። መግቢያዬን እንዲህ አድርጌዋለሁ፤ እስኪ እዩልኝ፦

«ፕሬዘንቴሽኑ በጣም ጥሩ ነበር። አቅርበን እንደጨረስን አንዲት ተማሪ አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ መግዣ አጥቶ እንደሆነ ጠየቀችን። ከግሩፓችን አንዱ አዎ አለ፤ አንዷ አይደለም አለች። እኔ ዝም አልኩ። ታሪኩን ከትንሽነቴ ጀምሮ ስሰማው ለምን የሚለውን ጠይቄ አላውቅም። እቤት ስገባ አባቴን ጠየቅሁት፤ እሱም እንደ ልጁ አዎ አለኝ።»

መምህርት ከሰበታ

የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር አውጣት። ከ«አቅርበን እንደጨረስን» ጀምር። የአባትህን መልስ እንዳትነካው፤ ወሬው ከየት እንደሚመጣ የሚያሳየው እሱ ነው። ከዚያ የሰንዳፋው ወንድማችን የነገረህን በራስህ ቃል ጻፍ፤ ግን ከመጽሐፍ ወይም ከመምህርህ አረጋግጠው። ስለ እንዶዱ ስትጽፍ ደግሞ ዴስኩ ላይ መገንፈሉን አትርሳ።

የጀሞ ልጅ

እጅ ጽሑፉን ገዘፍ ማድረጉ ግን ይቀራል ወይ? 😄

ጠያቂ፦ የቱሉ ዲምቱው ተማሪ

😂 አሁንማ ሁለት ገጹ ራሱ ሊያንሰኝ ነው። መብራት ከመጣ ዛሬ ማታ እጨርሰዋለሁ። ካልመጣም ነገ ቅዳሜ ነው፤ ያንን ልጅ ሱቁ ሄጄ ላናግረውና አብረን እንጽፋለን።