ልጅ ትምህርት ቤቱን ሲለቅ ለሠራተኞች የሚሰጥ የምስጋና ስጦታ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ረቂቅ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤቱን የሚለቁ ወላጆች ለመምህራንና ለሌሎች ሠራተኞች ምን ቢሰጡ ተገቢ እንደሚሆን በየዓመቱ ይጠይቁናል፤ እስካሁን ያገኙት መልስ ግን እንደ መላሹ የተለያየ ነው። ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን አንድ ረቂቅ እዚሁ በጋራ እንድናዘጋጅ እጠይቃለሁ። ለመነሻ ያህል ሦስት ሐሳቦችን አስቀምጣለሁ። ስጦታው በየቤተሰቡ ከሚሆን ይልቅ በክፍል ደረጃ በመዋጮ ይዘጋጅ፤ ከስጦታው ጋር ደብዳቤ ይኑር፤ ስጦታውም ለክፍል ኃላፊው መምህር ይሰጥ። ማሻሻያ ለማቅረብ አትቆጠቡ።

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
ሦስተኛው ሐሳብ እንዲቀየር አጥብቄ እጠይቃለሁ። ልጄ ያለ ደጋፊ ክፍል ውስጥ መቀመጥ የማይችል ልጅ ነበር። ፊደል ያስቆጠሩት መምህርቱ ናቸው፤ ነገር ግን ድምፅ ሲበዛበት ይዛው የምትወጣው፣ ሲረጋጋም ሳታሳፍረው ወደ ቦታው የምትመልሰው ረዳቷ ነበረች። የምስጋናው ስጦታ ለክፍል ኃላፊዋ ብቻ ቢሄድ የልጄን ታሪክ ግማሹን ብቻ እንደ መናገር ይቆጠራል።

ከዚህ በመነሣት አንድ ተግባራዊ ሐሳብ አቀርባለሁ። ወላጅ ስለ ዕቃው ከማሰቡ በፊት ከልጁ ጋር ተቀምጦ የልጁን የትምህርት ቀን ከበር እስከ በር ይከተል። ጠዋት በሩን የሚከፍተው ማን ነው? ሲወድቅ ቁስሉን የሚያጥብለትስ? መጽሐፍ ሲመርጥ አብሮት የሚቆመው፣ በአውቶቡስ ውስጥ ስሙን የሚጠራው፣ ምሳው ሲረሳ ወደ ቤት የሚደውለው ማን ነው? እኛ ወላጆች የምናውቀው በስብሰባ ያገኘናቸውን ሰዎች ብቻ ስለሆነ የልጁ ዝርዝር ከእኛው እንደሚለይ እርግጠኛ ነኝ። እኔ ስጠይቀው ልጄ በመጀመሪያ የጠራልኝ የጽዳት ሠራተኛዋን ነበር፤ የጠፋበትን ሹራብ ፈልጋ፣ አጥባ፣ አጣጥፋ የሰጠችው እርሷ መሆኗን እኔ አላውቅም ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦
የእኅታችንን ሐሳብ እደግፋለሁ። ሆኖም ዝርዝሩ ሲረዝም መዋጮውም እንዳይከብድ መጠንቀቅ አለብን። የማንፈልገው ነገር ቢኖር አንድ ወላጅ አቅም በማጣቱ ምክንያት ልጁ በስንብቱ ቀን አንገቱን ደፍቶ እንዲቆም ማድረግ ነው። ስለዚህ መጠኑ አይወሰን፤ ገንዘቡ በታሸገ ፖስታ ይሰብሰብ፤ ማን ስንት እንዳዋጣ የሚያሳይ ዝርዝር ለማንም፣ ለኮሚቴውም ቢሆን፣ አይታይ። በካርዱ ላይም የክፍሉ ልጆች በሙሉ፣ ወላጆቻቸው ያዋጡትም ያላዋጡትም፣ ስማቸውን ይጻፉ። ሒሳቡን በተመለከተ ጠቅላላ ድምሩና የወጣው ወጪ ብቻ ለአባላት ቢገለጽ ግልጽነቱ ይጠበቃል።

ስጦታው አነስተኛ ቢሆን ያሳፍራል የሚል ሥጋት ያላቸው አባላት እንዳሉ አውቃለሁ። ፍራንሲስ ፍሊንና ጋብሪኤል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ስጦታ ሰጪዎች ዋጋው በጨመረ ቁጥር ተቀባዩ የበለጠ የሚደሰት ይመስላቸው ነበር፤ በተቀባዮቹ ዘንድ ግን በስጦታው ዋጋና በተሰማቸው ምስጋና መካከል እንዲህ ያለ ትስስር አልታየም። ይህ ግኝት በረቂቁ መግቢያ ላይ ቢጠቀስ ብዙ ወላጆችን ከጭንቀት ያሳርፋል።

የሕግ ባለሙያ የሆኑ አባል፦
በጊዜውና በአሰጣጡ ላይ ብቻ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት በአንቀጽ 8 የመንግሥት ሠራተኞች የጥቅም ግጭት ሊያስከትሉ የሚችሉ ከፍ ያሉ ስጦታዎችን የሚያሳውቁበት ሥርዓት እንዲዘረጋ አባል አገራትን ያሳስባል። ስለዚህ ማንኛውም ሐሳብ ከመጽደቁ በፊት ትምህርት ቤቱ ስለ ስጦታ ያወጣው ደንብ ይጠየቅ። ጥሬ ገንዘብ ፈጽሞ አይሰጥ። ስጦታው የሚሰጠው የመጨረሻው ውጤት ተሞልቶ ሪፖርት ካርዱ ከተሰጠ በኋላ፣ ርእሰ መምህሩ እያወቁና በግልጽ ይሁን።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ልጁ ቢለቅም ታናሽ ወንድሙ ወይም እኅቱ እዚያው ትምህርት ቤት የሚቀሩበት ቤተሰብ ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ቤተሰብ በግሉ ከፍ ያለ ስጦታ ቢሰጥ፣ የስንብት ስጦታው ለቀሪው ልጅ እንደ ተከፈለ መታያ ሊቆጠር ይችላል፤ መምህሩንም ያላሰበው ጥርጣሬ ውስጥ ይከተዋል። በጋራ መስጠት የሚጠቅመው ከሁሉ በላይ መምህሩን ነው።

የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አባት፦
በአክብሮት እለያለሁ። ልጄን ያስተማሩትን ሰው በራሴ ስም፣ በራሴ ምርጫ ማመስገን መብቴ ነው ብዬ አምናለሁ። በክፍል ስም የሚሰጥ ስጦታ የሁሉም ሲሆን የማንም ያለመሆን አደጋ አለበት። መምህሩ ከሃያና ከሠላሳ ቤተሰብ አንድ ዕቃ ሲቀበሉ የእኔ ልጅ በዚያ ውስጥ የት እንዳለ በምን ያውቃሉ?

ጡረታ የወጡ መምህርት፦
ወንድማችን ያነሡት ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ መልሱ ግን በዕቃ ውስጥ የሚገኝ አይመስለኝም። በማስተማር ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ከተሰጡኝ ኩባያዎችና ጌጦች ውስጥ የትኛው ከየትኛው ልጅ እንደመጣ ዛሬ መለየት አልችልም። ደብዳቤዎቹን ግን አንድ በአንድ አስቀምጫቸዋለሁ፤ በተለይ «ልጄ ጮክ ብሎ ማንበብ ይፈራ ነበር፤ እርስዎ ከክፍሉ ፊት ከማቆምዎ በፊት ለብቻው እያስነበቡት ድፍረቱን መለሱለት» የሚል ሐሳብ የነበረባትን አልረሳትም። እኔ ያንን ያደረግሁት ማንም አላየኝም ብዬ ነበር።

ስለዚህ ደብዳቤው ከስጦታው ጋር የሚታከል ነገር ሆኖ በረቂቁ ሁለተኛ ረድፍ ላይ መቀመጡን አልቀበለውም፤ ዋናው ስጦታ እርሱ ነውና ወደ ፊት ይምጣ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በራሱ ስም ይጻፍ፤ የወንድማችንም ሥጋት በዚሁ ይመለሳል። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፤ ሠራተኛው ምን እንዳደረገ፣ በዚያም ምክንያት በልጁ ላይ ምን ለውጥ እንደታየ የሚናገር አንድ እውነተኛ ነገር ከያዘ ይበቃል። «ስለ ሁሉም ነገር እናመሰግናለን» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለማንም ሊጻፍ ስለሚችል ለማንም አይደርስም።

ወላጆች ከመጻፍ የሚያፈገፍጉት ቃላቸው እንዳያንስ በመፍራት እንደሆነ አውቃለሁ። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው የምስጋና ደብዳቤ ጸሐፊዎች ተቀባዩ የሚሰማውን ደስታ ከሆነው ዝቅ አድርገው፣ የሚሰማውን እፍረት ደግሞ ከሆነው ከፍ አድርገው ገምተው ነበር። ጸሐፊዎቹ የሚጨነቁት ስለ አጻጻፋቸው ብቃት ሲሆን ተቀባዮቹ የሚያዩት ግን የደብዳቤውን ፍቅር ነበር።

ሁለት ነገሮች እንዲጨመሩም እፈልጋለሁ። የደብዳቤው ቅጂ፣ ሠራተኛው ከተስማማ፣ ለርእሰ መምህሩ ይድረስና ከሠራተኛው የግል ማኅደር ጋር ይያያዝ፤ ለጥበቃና ለጽዳት ሠራተኞች እንዲህ ያለው ወረቀት ነገ ሌላ ሥራ ሲፈልጉ ከማንኛውም ዕቃ በላይ ይጠቅማቸዋል። ገና መጻፍ የማይችል ልጅ ደግሞ በቃሉ ይናገርና ወላጁ ሳያርም እንዳለ ይጻፍለት። አዋቂ ያሳመረው ቃል የልጁን ድምፅ ያጠፋዋል።

የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አባት፦
ደብዳቤው በቤተሰብ ስም የሚሆን ከሆነ፣ ልጁም በእጁ የሠራው ሥዕል ወይም ካርድ ካልተከለከለ ተቃውሞዬን አነሣለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
አይከለከልም። ስለ ዕቃው ምርጫ ብዙ መከራከር አያስፈልገንም። ሽቶና ሽታ ያላቸው ነገሮች ለአንዳንድ ሰዎች ጤና ስለማይስማሙ፣ ልብስና የሚበላ ነገርም የተቀባዩን ልክና ሁኔታ ስለማናውቅ ቢቀሩ ይሻላል። ምርጫው ከጠበበ የክፍሉ ተወካይ ሁለት ሦስት አማራጭ ይዞ ሠራተኞቹን በጽሕፈት ቤቱ በኩል ይጠይቅ። ለቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ መለገስ መልካም ቢሆንም ለተቋሙ የተሰጠ ስጦታ ለሰው የሚገባውን ምስጋና አይተካም። የክፍል ፎቶ የሚያዘጋጁ ወላጆች ደግሞ የሌሎችን ልጆች ወላጆች ሳያስፈቅዱ አይስጡ።

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
በዓመቱ አጋማሽ በድንገት የሚለቁ ልጆችስ? የክፍል መዋጮ የሚሰበሰበው በዓመቱ መጨረሻ ከሆነ እነዚህ ልጆች ሳይሰናበቱ ይቀራሉ። ሠራተኞቹም ቢሆኑ ልጁ የት እንደደረሰ ሳያውቁ ነው የሚቀሩት።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ይህ ያላሰብንበት ክፍተት ነው። እስካሁን በተባለው መሠረት የተሻሻለው ረቂቅ የሚከተለው ነው፦

«ልጁ ትምህርት ቤቱን የሚለቅ ቤተሰብ ልጁን ጠይቆ በሚያወጣው ዝርዝር መሠረት፣ በሥራ መደብ ሳይለይ፣ ለረዱት ሠራተኞች በራሱ ስም ደብዳቤ ይጽፋል። የክፍሉ ወላጆች መጠኑ ባልተወሰነና ስም ባልተገለጸበት መዋጮ፣ የትምህርት ቤቱን ደንብ ጠብቀው፣ ሪፖርት ካርድ ከተሰጠ በኋላ አንድ የጋራ ስጦታ ሊሰጡ ይችላሉ፤ መስጠት ግን ግዴታ አይሆንም። በዓመቱ አጋማሽ የሚለቅ ልጅ ደብዳቤው መዋጮ ሳይጠበቅ ይደርሳል፤ የክፍሉ ተወካይም ልጁ ከክፍል ጓደኞቹና ከሠራተኞቹ ጋር የሚሰናበትበትን ሰዓት ከትምህርት ቤቱ ጋር ያመቻቻል።»

የሕግ ባለሙያው አባላችን ስለ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ያነሡትን ነጥብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፈው እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ፤ ያንን ካካተትሁ በኋላ ረቂቁ ለርእሰ መምህሩ አስተያየት ይላካል።