ለኮንዶሚኒየም ቤት የጋዝ ምድጃ ይሻላል ወይስ የኤሌክትሪክ ስቶቭ?

ጥያቄ፦ የአባዶ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። በሚመጣው ወር ከእናቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር የካ አባዶ ወደሚገኝ የኮንዶሚኒየም ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ እንገባለን። ወጥ ቤቱ ጠበብ ያለ ነው፤ አንድ መስኮትና ወደ በረንዳ የሚያወጣ በር አለው። እንጀራ የምንጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ስለሆነ በዚያ በኩል ጥያቄ የለኝም። የተቸገርኩት ለወጥ፣ ለሽሮ፣ ለቡናና ለልጆቹ ቁርስ የሚሆነውን ምድጃ በመምረጥ ነው። ከጎረቤቶቼ ገሚሱ መብራት በጠፋ ቁጥር ልጆቹ ጦማቸውን እንዳያድሩ ጋዝ እንድገዛ ይመክሩኛል፤ ገሚሱ ደግሞ ሲሊንደር ተሸክሞ አራት ፎቅ መውጣቱንና ጋዝ ሲጠፋ ወረፋ መጠበቁን እያነሡ ስቶቭ ይሻልሻል ይላሉ። እናቴ በበኩሏ ጋዝ በጣም ትፈራለች፤ ቀን ቀን ቤት የምትውለው ደግሞ እሷ ናት። በሥራው ያለፋችሁ ሰዎች ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የኤሌክትሪክ ባለሙያ

እህቴ፣ ምድጃ ከመምረጥዎ በፊት ወደ ወጥ ቤቱ የገባውን መስመር ማስፈተሽ ይቀድማል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል፤ ይህም በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር ይሆናል። ተራው የግድግዳ ሶኬት የሚችለው 16 አምፔር በመሆኑ ምጣዱ ገና ከጅምሩ ሶኬቱን ከአቅሙ ጫፍ ያደርሰዋል ወይም ያሳልፈዋል። ሁለት ድስት የሚይዝ ስቶቭ በበኩሉ ሁለቱም ሲበሩ እንደ ዓይነቱ ከ2,000 እስከ 3,500 ዋት ሊፈልግ ይችላል። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ እናትዎ እየጋገሩ እርስዎ ወጥ በጣዱ ጊዜ ብሬከሩ ይወድቃል፤ ብሬከሩ ለሽቦው ከሚገባው በላይ ትልቅ ሆኖ ከተገጠመ ደግሞ ሳይወድቅ በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ይግላል፣ ይህኛው የባሰ ነው።

በየቤቱ ስሄድ አብዝቼ የማየው ጉዳት ምጣድና ስቶቭን በአንድ ዲቫይደር ላይ ከመሰካት የሚመጣ ነው። መሰኪያው ሲነቀል ፕላስቲኩ ቀልጦ ጎብጧል፣ አንደኛው የነሐስ እግር ጠቁሯል፣ የሶኬቱም ቀዳዳ ከመላላቱ የተነሣ ሽቦው ሲነካ ብልጭ ይላል። ስለዚህ ለምጣዱ ከማከፋፈያው ሳጥን ተነሥቶ በቀጥታ የሚመጣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከራሱ ብሬከር ጋር ያዘርጉለት፤ ስቶቭ የሚገዙ ከሆነም ሌላ የተለየ መስመር ያስፈልገዋል። ይህን ማድረግ ካልቻሉ ግን ስቶቩን ባይገዙት እመርጣለሁ።

መብራት መጥፋቱን ሁሉም ያነሣዋል፤ የኃይሉ መዳከም ግን ብዙም አይወራለትም። በምሽት ሁሉም ሰው እራት በሚሠራበት ሰዓት 220 መሆን የነበረበት ቮልት ወደ 180 ቢወርድ ስቶቩ የሚሰጠው ሙቀት ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል፤ ምክንያቱም ሙቀቱ የሚቀንሰው ከቮልቱ ጋር እኩል ሳይሆን በቮልቱ ስኩዌር (ቮልቱ በራሱ ሲባዛ) መጠን ነው። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለ እየተባለ የቤታችን መብራት ለምን ይዳከማል ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። የብዙ ሰፈር ችግር ያለው ግን በግድቡ ዘንድ ሳይሆን በመንደሩ ትራንስፎርመርና በማከፋፈያ መስመሩ ላይ ነው። ቤቱን ሳይረከቡ አንድ ምሽት ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ባለሙያ ይዘው ሄደው ቮልቱን ያስለኩ።

መልስ፦ የድግስ ወጥ ሠሪ

እኔ የምናገረው ስለ ድስቱ ነው። የእኛ ወጥ የሚጀምረው ከቁሌት ነው፤ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በዝግታ ተቁላልቶ፣ ውኃው መጥጦ፣ በርበሬው ገብቶ በጥቂት በጥቂቱ ውኃ ጠብ እየተደረገለት ረጅም ጊዜ ይቆያል። በዚህ ሰዓት እሳቱ በትክክል መታዘዝ አለበት። ጋዝ ሲቀንሱት ወዲያው ይቀንሳል። የስቶቩ ብረት ግን ከጠፋም በኋላ ለረጅም ጊዜ እንደጋለ ስለሚቆይ፣ በርበሬው መያዝ ሲጀምር ድስቱን አንሥቶ ወደ ጎን ከማኖር በቀር መፍትሔ የለውም። ሽሮም እንዲሁ ነው፤ ገንፍሎ ብረቱ ላይ ከፈሰሰ በኋላ እሳቱን መቀነስ አይመልሰውም።

በሌላ በኩል ቁሌቱ አልቆ ዶሮው ከገባ በኋላ ቀስ እያለ እንዲንተከተክ ሲፈለግ የስቶቩ እኩል የሆነ ሙቀት ለወጡ የተመቸ ነው፤ የጋዙን ነበልባል ከመጠን በላይ ዝቅ ሲያደርጉት ግን ከመስኮት የገባ ነፋስ ሊያጠፋው ይችላል። ባቄላ፣ አተርና ሥጋን በሚመለከት አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኗ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ በየትኛውም ምድጃ ቢጣዱ ቶሎ አይበስሉም። እንፋሎቱን አፍኖ የሚይዝ የፕሬዠር ድስት መግዛት ምድጃ ከመቀየር የበለጠ ጊዜና ነዳጅ ይቆጥባል።

ድስቱን በማግኔት ኃይል በቀጥታ ስለሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ስለ ኢንዳክሽንም ልጨምር። ፈጣንና ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው ማግኔት በሚይዘው ድስት ብቻ ነው። የአሉሚኒየሙ ድስትዎ፣ የሸክላው ድስትና ጀበናው ምንም አይሞቁበትም። ድስቶችዎን ከሥር በማግኔት ሞክረው ሳያዩ አይግዙት። ጀበና ከሥሩ ክብ ስለሆነ በጠፍጣፋው ስቶቭ ላይ የሚነካው ጥቂት ቦታ ብቻ ነውና ይዘገያል፤ ጋዝ ላይ ግን ነበልባሉ ዙሪያውን ስለሚያቅፈው ቶሎ ይፈላል፣ ብቻ ሸክላው እንዳይሰነጠቅ በመለስተኛ እሳት ይጀምሩት።

ለእርስዎ ቤት እኔ የምመርጠው ጋዝ ነው።

ጠያቂዋ፦ የአባዶ ነዋሪ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ድስቶቼ ሁሉም አሉሚኒየም ስለሆኑ ኢንዳክሽኑን ትቼዋለሁ። አሁን የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ወጪውን በምን መንገድ ላወዳድር? እናቴንስ ጋዝ ቤት ውስጥ ይዤ እንዴት ብዬ ብቻዋን ትቻት ልውጣ?

መልስ፦ የጋዝ ምድጃ ጥገና ሠራተኛ

ወጪውን በዋጋ ነግሬዎት ብሄድ ነገ ይለወጣል፤ ስለዚህ የሚሰላበትን መንገድ ልስጥዎ። በ12.5 ኪሎ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ጋዝ ወደ 160 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይይዛል፤ ከነበልባሉ ሙቀት ግን ግማሹ ገደማ በድስቱ ጎን አልፎ ይባክናል። ስቶቭ የሚያባክነው ከዚያ ያነሰ ነው። ሁለቱ ሲመዛዘኑ አንድ ሙሉ ሲሊንደር የሚሠራውን ሥራ ስቶቭ በ110 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሠራዋል። እንግዲህ በመብራት ሂሳብዎ ላይ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፈልበትን ዋጋ በ110 አባዝተው ከሲሊንደሩ ማስሞያ ጋር ያስተያዩት። ታሪፉ ፍጆታ ሲጨምር ከፍ እያለ የሚሄድ በመሆኑ፣ ምጣዱን ጨምረው ወደሚደርሱበት እርከን ያለውን ዋጋ ይውሰዱ።

የእናትዎ ፍርሃት በከንቱ አይደለም፤ ጥንቃቄው ግን የሚከብድ አይደለም። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ላይ አይወጣም፣ ወለሉ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ከፍ ብሎ ያለው መስኮት ብቻውን አያወጣውም፤ የሚያወጣው የበረንዳው በር ነው። ሲሊንደሩን ፀሐይ በማያገኘው የበረንዳ ጥግ አቁመው ያኑሩት፣ ፈጽሞ አያጋድሙት። በተለወጠ ቁጥር በመገጣጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ይቀቡ፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል ማለት ነው። ክብሪት ለኩሶ መፈተሽ በምንም ዓይነት አይገባም።

ለእናትዎ በቃል ከመንገር በእጅ ማሳየት ይበልጣል። ጋዙ በራሱ ሽታ የለውም፤ የሚሸተው ሆን ተብሎ ሽታ ስለሚጨመርበት ነው፤ ሽታው ከመጣ የሲሊንደሩን ቁልፍ መዝጋት፣ የበረንዳውን በር መክፈት፣ መብራት ማብራትም ማጥፋትም መተው፣ ከቤት መውጣት። ወጥ ሠርተው ሲጨርሱ ምድጃውን ብቻ ሳይሆን ሲሊንደሩንም እንዲዘጉ ያለማምዷቸው። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት፤ ቢጫ ሆኖ ድስቱን ጥላሸት ከቀባ አየሩ በትክክል አልተቀላቀለምና አስጠግኑት፣ እስከዚያው በሩ ይከፈት።

ሲገዙ ጋዙን ወደ ምድጃው የሚያደርሰው ጎማ የጋዝ መሆኑን፣ የተሠራበት ዓመት የተጻፈበት መሆኑንና የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ሰፈርዎ ውስጥ ከሚለወጠው ሲሊንደር አፍ ጋር መግጠሙን ሱቁ ላይ እያሉ ያረጋግጡ። ሁለተኛ ትንሽ ሲሊንደር ለመጠባበቂያ ቢይዙ ደግሞ የበዓል ሰሞን እጥረት ሲኖር አይቸገሩም።