ተሚ ተክ (ትርፍ የሆድ ቆዳ የሚነሣበትና የላላ ጡንቻ የሚሰፋበት ኦፕራሲዮን) ለምታስቡ፦ የቱ ዓይነት፣ የት፣ በየትኛው ማሰሪያ?

ጥያቄ፦ ከወሊድ ወይም ክብደት ከመቀነስ በኋላ የሆድ ቆዳ ለተንጠለጠለባት ሙሉው ተሚ ተክ ይሻላል ወይስ ሚኒው? ሊፖሳክሽን (ስብ መምጠጥ) ብቻውን አይበቃም? ሐኪምና ቦታ ሲመረጥ ምን ይጠየቃል? ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሚታሰረው የሆድ ማሰሪያና የጠባሳ ጄሉስ? የምታውቁ ጠቁሙን፤ በተለይ አስቀድሞ የማይነገረውን።

ከፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና በኩል፦

እህቴ፣ ዓይነቱን ከመምረጥሽ በፊት ሆዱ ለምን እንደወጣ ይለይ። ቦርጭ ሁሉ አንድ አይደለም። ከቆዳ ሥር የተከማቸ ስብ ሊሆን ይችላል፤ የላላ ቆዳ ሊሆን ይችላል፤ በእርግዝና ጊዜ ግራና ቀኝ የተለያየው ጡንቻ ሳይመለስ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ሦስቱም ተደባልቀው ነው የሚገኙት። አራተኛም አለ፤ አንጀት ዙሪያ የሚቀመጠው የውስጥ ስብ። እሱን የትኛውም ተሚ ተክ አይነካውም። በጀርባሽ ተኝተሽ ሆድሽ ዝቅ ካላለ፣ ቆንጥጠሽ የምትይዢው ከሌለና ከውስጥ ተገፍቶ ከጠነከረ ችግሩ ይሄኛው ነው፤ መጀመሪያ ክብደት ይቀነስ። እንዲህ ያለውን ሆድ በግድ ስበው ቢሰፉት የውስጥ ግፊቱ ይጨምራል፣ መተንፈስ ያስቸግራል፣ ስፌቱም ውሎ አድሮ ይላላል።

የጡንቻውን መለያየት ለማወቅ ጉልበትሽን አጥፈሽ በጀርባሽ ተኚ፣ ራስሽን ትንሽ ቀና አድርጊና ከእምብርትሽ በላይና በታች፣ መሀል ለመሀል በጣትሽ ዳስሺ። ክፍተቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ዲያስታሲስ ይባላል። ሐኪሙ ይህን በእጁ ሳይዳስስ የኦፕራሲዮን ቀን ከቆረጠልሽ ሌላ ሐኪም ፈልጊ።

ሊፖሳክሽን ስብ ይመጥጣል እንጂ ቆዳ አይቆርጥም፣ ጡንቻም አይሰፋም። ቆዳው አስቀድሞ ከላላ ስቡ ሲወጣ ይባስ ብሎ ይንጠለጠላል። ለጠንካራ ቆዳና ለትንሽ ስብ ግን ከሁሉም ይሻላል፤ ጠባሳውም ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም።

ሚኒው ከእምብርት በታች ያለውን ብቻ ነው የሚያስተካክለው። ስሙም አጭር ጠባሳውም ያማልላል፤ የሚስማማው ግን ለጥቂቶች ነው፦ ቀጠን ላለችና ልልነቱ ታች ብቻ ለሆነባት። ከእምብርት በላይ ትርፍ ቆዳ እያለ ሚኒ ከተሠራ ታቹ ተወጥሮ ላዩ ይነፋል፤ ከዓመት በኋላ ሙሉውን መድገም ይመጣል። ሙሉው ከአንዱ ዳሌ እስከ ሌላው ይቆረጣል፣ ቆዳው ወደ ላይ እስከ ጎድን አጥንት ይላቀቃል፣ ጡንቻው ይሰፋል፣ ቆዳው ወደ ታች ተስቦ ትርፉ ይነሣል፣ እምብርቱም በአዲስ ቀዳዳ ይወጣል። ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይወስዳል። ብዙ ኪሎ ለቀነሰች፣ ቆዳው ወደ ጎንም ስለሚተርፍ፣ መሀል ለመሀል የሚወርድ ተጨማሪ ጠባሳ ያለው ፍለር ደ ሊ የሚባለው ይሠራል። ፓኒኩሌክቶሚ ደግሞ ተንጠልጥሎ ሥሩ የሚቆስለውን ቆዳ መቁረጥ ብቻ ነው፤ ወገብ ያወጣልኛል ብለሽ አትጠብቂ።

ሸንተረሩስ? ከእምብርት በታች ያለው አብሮ ተቆርጦ ይሄዳል፤ ከላይ ያለው ወደ ታች ይወርዳል እንጂ አይጠፋም።

የድሮ ጠባሳ ካለሽ አሳዪ። በኦፕራሲዮን ሲወለድ የሚቀረው የታችኛው ጠባሳ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይነሣል። አሳሳቢው ለሐሞት ከረጢት ተብሎ በቀኝ ጎድን ሥር በረጅሙ የተቀደደው ነው፤ ለተላቀቀው ቆዳ የሚመጣውን ደም ስለሚያቋርጥ ከሥሩ ያለው ቆዳ ሊሞት ይችላል። የእምብርት ሄርኒያ (የሆድ ዕቃ በእምብርት በኩል ወደ ውጭ መግፋት) አብሮ ሲጠገንም እምብርቱ ደም ሊያጥረው ስለሚችል ቀድሞ መነገር አለበት።

ገና መውለድ የምታስቢ ከሆነ ቆዪ፤ እርግዝና ስፌቱን መልሶ ያላላዋል። ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 6 ወር፣ ማጥባት ካቆምሽም በኋላ ጥቂት ወራት ይለፉ። ክብደትሽም ለ6 ወር ያህል ሳይወጣ ሳይወርድ የረጋ ይሁን። ጨጓራዋን በኦፕራሲዮን ላሳነሰች ከ12 እስከ 18 ወር ይጠበቃል።

ከሰመመን በኩል፦

ሰው የሚመርጠው የቀድሞና የአሁን ፎቶ እያየ ነው። ፎቶም አታላይ ነው፤ እጅ ወደ ላይ ከተነሣ ሆድ ይሳባል፣ የውስጥ ሱሪው ከፍ ካለ ጠባሳው ይደበቃል። ከ1 ዓመት በኋላ የተነሣ፣ እጅ ወርዶ፣ ከፊትና ከጎን፣ ጠባሳው የሚታይበት ፎቶ ጠይቂ።

ከዚያ ይልቅ ቦታውን መርምሪ። ጤነኛ ለሆነች፣ ክብደቷ ከቁመቷ ጋር ተነጻጽሮ የሚወጣው መለኪያ (BMI) ከ30 በታች ለሆነላት፣ የተሟላ የቀን ቀዶ ሕክምና ማዕከል ሊበቃ ይችላል። ስኳር፣ ግፊት፣ ሲተኙ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ ከዚህ በፊት የደም መርጋት ካለ፣ ወይም ጡትም ሆድም በአንድ ቀን የሚሠራ ከሆነ ግን አዳር ያለው ሆስፒታል ይሻላል። ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር አደጋው ይጨምራል፤ ከ6 ሰዓት በላይ ከሚሄድ ለሁለት ይከፈል ብለሽ ጠይቂ።

እነዚህን ሳታፍሪ ጠይቂ፦ ሐኪሙ በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ነው ወይስ አጭር የውበት ሥልጠና ወስዶ ነው? ሰመመን የሚሰጠው ማን ነው፣ እስከ መጨረሻው ክፍሉ ውስጥ ይቆያል? ሌሊት ደም ቢፈስ ማን ይመጣል፣ ወዴትስ እወሰዳለሁ? ማስተካከያ ቢያስፈልግ ወጪው የማን ነው? የመጨረሻውን መልስ በጽሑፍ ተቀበዪ።

ኒኮቲንን በተመለከተ ድርድር የለም። የቆዳን ጥቃቅን የደም ሥሮች ያጠባል፤ የተላቀቀው የሆድ ቆዳ ደግሞ ደም የሚያገኘው ከላይና ከጎን ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚራበው መሀል ታች፣ ስፌቱ ላይ ያለው ነው፤ ይጠቁራል፣ ይሞታል፣ ለወራት ክፍት ቁስል ሆኖ ይቀራል። ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድሞ፣ 4 ሳምንትም በኋላ ማቆም ያስፈልጋል። ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ)፣ ሺሻ፣ የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተርም ይቆጠራሉ።

ከውበት ኦፕራሲዮኖች መካከል የደም መርጋት ከሚያሰጋባቸው አንዱ ተሚ ተክ ነው። የተሰፋው ጡንቻ የሆድ ግፊትን ስለሚጨምር ከእግር የሚመለሰው ደም ይዘገያል፤ ታካሚዋም ሕመሙን ፈርታ አትነሣም። መከላከያው እግር ላይ እየተነፋ የሚለቅ መሣሪያ፣ በዚያው ቀን መራመድ፣ አደጋው ከፍ ላለባት ደግሞ ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መርፌ ነው። «የካፕሪኒ ነጥቤ (የደም መርጋት አደጋ የሚሰላበት ነጥብ) ስንት ነው?» ብትዪ አስልተው ሊነግሩሽ ይገባል። የእርግዝና መከላከያ እንክብልና የሆርሞን ሕክምናም አደጋውን ስለሚጨምሩ ተናገሪ።

አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ቫይታሚን ኢ፣ የዓሣ ዘይትና የነጭ ሽንኩርት እንክብል ደም ያቀጥናሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ቀድመው ይቆማሉ፤ በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት ግን በራስሽ አታቁሚ። ክብደት ለመቀነስ እንደ ሴማግሉታይድ ያለ መርፌ የምትወስጂ ከሆነ ሳትደብቂ ተናገሪ፤ ጨጓራ ቶሎ ስለማይራገፍ በተለመደው ጾም እንኳ ምግብ ሊቀርና ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የተለመደው ጾም ከደረቅ ምግብ 6 ሰዓት፣ ከንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት ነው።

ከአልጋ ክፍል ነርስ፦

ከላይ ያሉት ስለ ኦፕራሲዮኑ በቂ ብለዋል፤ ሰው የሚቸገረው ቤት ሲገባ ነው።

ድሬይን ማለት ከቆዳ ሥር የሚጠራቀመውን ፈሳሽ የሚስብ ቱቦና እንደ አምፖል ያለ የሚጨመቅ ኳስ ነው። ኳሱ ግማሽ ሲሞላ ይደፋል፤ ካልተደፋ መሳቡን ያቆማል። ሲዘጋ ጨምቀሽ አየሩን አውጥተሽ ክደኚው፤ ያልተጨመቀ ኳስ ጌጥ ነው። ስንት ሚሊ ሊትር እንደወጣ ከነሰዓቱ ጻፊ። ቀለሙ ከቀይ ወደ ሮዝ፣ ከዚያም ወደ ቢጫ ይሄዳል። በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ነው ብዙ ጊዜ የሚነቀለው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈጃል። ቶሎ ይነቀልልኝ ብሎ መለመን ሴሮማ፣ ማለትም የፈሳሽ ቋት መጋበዝ ነው። ከተሚ ተክ በኋላ ከሁሉም የሚዘወተረው ችግር እሱ ነው፤ ሆድን መታ ሲያደርጉት እንደ ውኃ ከረጢት ይንቀጠቀጣል፣ በመርፌ ይቀዳል።

ማሰሪያ ሲገዛ ለመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት በቬልክሮ የሚጣበቀው ሰፊ ቀበቶ ከሙሉ ልብስ ዓይነቱ ይሻላል። እብጠቱ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ይስተካከላል፣ ቁስሉን ለማየትም ተኝተሽ እንዳለሽ ይከፈታል። ድሬይኑ ሲወጣ በመንጠቆ ወይም በዚፕ የሚዘጋውን፣ ለሽንት ቤት ክፍት ያለውን ልበሺ። ሁለት ይኑርሽ፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይለበሳል። ብዙ ሐኪሞች እስከ 6 ሳምንት ያስለብሳሉ። አጥንት ያለው የወገብ ኮርሴት አይተካውም፤ ሲቀመጡ ታጥፎ የደም ዝውውር የሚያስፈልገውን ቆዳ መሀሉን ይጫናል። ማሰሪያሽ ሥር ሁለት ጣት ካልገባ ጠብቋል። ታጥፎ መስመር ከሠራብሽ ፈትተሽ አስተካክዪ።

አልጋውን ቀድመሽ አዘጋጂ፦ ከጀርባ 2 ወይም 3 ትራስ፣ ከጉልበት ሥር አንድ። ስትነሺ መጀመሪያ በጎን ተገልብጠሽ በክንድሽ ተደግፈሽ ነው፤ ወደ ፊት ብድግ አይባልም። ለ1 ሳምንት ያህል ጎንበስ ብለሽ ትራመጃለሽ፤ ይህ ስፌቱን ለመጠበቅ ነው፣ አትደንግጪ። ስታስይ ወይም ስትስቂ ትራስ ሆድሽ ላይ ያዢ። የሕመም ማስታገሻው ሆድ ያደርቃል፤ የሚያለሰልስ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዝልሽ፤ ማማጥ ስፌቱን ይፈትናል።

ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋ የሚያስሄድሽ፦ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት በአንድ ጎን በድንገት ማበጥና ድሬይኑ ትኩስ ደም መሙላት፣ የአንድ እግር ባት ማበጥና መታመም፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ የቆዳው መጥቆር። ትንፋሽ ካጠረሽ ስልክ አትጠብቂ፤ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ጥያቄ፦ ድሬይን አልባ የሚባለውስ ማስታወቂያ ነው?

ከፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና በኩል፦

አይደለም። የተላቀቀውን ቆዳ ከሥሩ ካለው የጡንቻ ሽፋን ጋር በብዙ ቦታ እየሰፉ ባዶ ቦታ እንዳይቀር ማድረግ ይቻላል፤ ሴሮማንም ይቀንሳል። ጊዜ ግን ይጨምራል፤ አንዳንዴም ለወራት የሚቆይ ትናንሽ ስርጉድ ያሳያል። ሐኪሙ አዘውትሮ የሚሠራው ከሆነ ደህና ነው፤ አንቺ ስለጠየቅሽ ብቻ የሚሞክረው ከሆነ ድሬይኑን ምረጪ።

ከቆዳ ሕክምና በኩል፦

ስለ ጠባሳ በአጭሩ። ከሚሸጡት ሁሉ ማስረጃ ያለው ሲሊኮን ነው። የሚለጠፈው ሉህ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ፣ ጄሉ በቀን 2 ጊዜ በስሱ፣ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ለ2 ወይም 3 ወር። ለሆድ ሉሁን እመርጣለሁ፤ ጄሉን ልብስ ይጠርገዋል። ላብ የሚበዛባት ጄሉ ይሻላታል። አቅም ካጠረ የወረቀት ፕላስተር በርዝመቱ መለጠፍም ጥሩ ምትክ ነው። ቫይታሚን ኢ መቀባት ግን አልመክርም፤ ቆዳ ያስቆጣል፣ ጥቅሙም አልታየም። ኬሎይድ (ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ) ያለብሽ ከሆነ፣ ጆሮ የተበሳሽበት ቦታም ቢሆን፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይነገር፤ ጠባሳው ማበጥ ሲጀምር በጊዜ የስቴሮይድ መርፌ እንዲወጋ ይታቀዳል።

ከፊዚዮቴራፒ በኩል፦

ችግሩ የጡንቻ መለያየት ብቻ ሆኖ ቆዳው ካልተረፈ፣ መጀመሪያ ለጥቂት ወራት የጥልቅ ሆድ ጡንቻ ልምምድ ሞክሪ። ከተሠራሽ በኋላ ለ6 ሳምንት ከ4 ወይም 5 ኪሎ በላይ አይነሣም፤ ሕፃን ልጅም ኪሎ አለው፤ የሚያነሣልሽ ሰው ከአሁኑ ይፈለግ። የሆድ ስፖርት ከ8 እስከ 12 ሳምንት በኋላ፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ። እብጠቱ ጠዋት ቀንሶ ማታ ይጨምራል፤ ለ3 ወር ያህል ይህ የተለመደ ነው። ውጤቱን በ6ኛው ሳምንት አትመዝኚ።

ከአልጋ ክፍል ነርስ፦

አንድ የረሳሁት። የታችኛው ሆድ ለወራት ይደነዝዛል፤ ሙቀት አይሰማውም። የሙቅ ውኃ ከረጢትም ሆነ የሚሞቅ ፓድ ሆድሽ ላይ እንዳታደርጊ፤ ቆዳው ሲቃጠል አታውቂውም።