ሦስተኛ ክፍል ላይ ስምንት ትምህርት፦ ይቀነስ ወይስ ይቀጥል?

የሁለት ልጆች እናት፣ ኮልፌ
እንደምን ሰነበታችሁ። ሰኞ ዕለት ልጄ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዞ መጣ። በዚህ መንፈቀ ዓመት በየትምህርቱ ምን ምን እንደሚማሩ የተዘረዘረበት ነው። አማርኛ ላይ ምንባብ፣ አዳዲስ ቃላትና አጭር አንቀጽ መጻፍ አለ። ሒሳብ ላይ እስከ 10,000 ያሉ ቁጥሮች፣ ማባዛትና ማካፈል። አካባቢ ሳይንስ ላይ ውኃ፣ አፈርና ዕፅዋት። ከዚያ እንግሊዝኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ግብረ ገብ፣ የክወናና የእይታ ጥበባት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ። ቆጠርኳቸው፣ ስምንት ናቸው።

ደስ ብሎኝ «እስቲ አንተው አንብብልኝ» አልኩት። «ዕፅዋት» ላይ ቆመ። «ማጎልመሻ» ላይ ቆመ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይጠራቸዋል፤ ቃሉ ግን አይመጣለትም። መጨረሻ ላይ ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠና ሄደ። ቀሪ የለበትም፣ የቤት ሥራውንም ይሠራል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ማንበብ ያልቻለ ልጅ ስምንት ደብተር ተሸክሞ ምን ያደርጋል? እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ንባብና ሒሳብ ብቻ ይበቃል ባይ ነኝ። ሌላው ይደርሳል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ጡረታ የወጣ አስተማሪ፣ ደብረ ብርሃን
ልጄ፣ ሙሉ በሙሉ ካንቺ ጋር ነኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ነው። እዚያ ሥርዓቱ ግልጽ ነበር። ፊደል ያልለየ አቡጊዳ አይገባም። አቡጊዳ ያልጨረሰ ንባብ አይጀምርም። አንዱ በሦስት ወር ያልፋል፣ አንዱ ዓመት ይፈጅበታል፤ ሳያውቅ የሚያልፍ ግን የለም። ዳዊት ከደገምን በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስንገባ ብዙዎቻችን በአንድ ዓመት ሁለት ክፍል አልፈናል። በኋላ እኔም 31 ዓመት አስተማርኩ። ማንበብ የቻለ ልጅ ሳይንሱንም ታሪኩንም ራሱ ይከተለዋል። ያልቻለው በየዓመቱ እየራቀ ይሄዳል። አሁን ሁሉንም እንጀምራለን፣ አንዱንም አንጨርስም።

የሦስተኛ ክፍል መምህርት፣ አዲስ አበባ
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። አያቴ ዳዊቱን በቃላቸው ይወጡት ነበር። ደብዳቤ ሲመጣላቸው ግን የሚያነብላቸው ሰው ይጠሩ ነበር። ደግሞስ የኔታ ዘንድ ያልሆነለት ልጅ ወደ ከብቱ ተመለሰ እንጂ የት ተቆጠረ? እኔ ክፍል የገባው ልጅ ግን ሁሉም የእኔ ነው።

እስቲ የእኔን ቀን ልንገራችሁ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ለአንድ ክፍል የተቀመጠው መለኪያ 50 ተማሪ ነው። እያንዳንዱን ላስነብብ ብል ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 48 ሰከንድ ነው። ያውም ጸጥ ሳሰኝና ስም ስጠራ የሚያልፈውን ሳልቆጥር። ስምንቱን ትምህርት ወደ ሁለት ብታወርዱት ክፍለ ጊዜው ይበዛልኛል፣ እሱን አልክድም። ግን ልጆቹ ሃምሳ ናቸው። ለሃምሳው በአንድ ድምፅ «ሀ ሁ» እያልኩ ስውል ከኋላ ያለው የማይችል ልጅ በጓደኞቹ ድምፅ ውስጥ ተደብቆ ይከርማል። የኮልፌዋ እህቴም ልጅ እንደዚያ ተደብቆ የመጣ ይመስለኛል።

ሌላም አለ። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በታችኞቹ ክፍሎች ልጅ በፈተና ወድቆ እንዲደግም አይፈለግም። በተከታታይ ምዘና እያየን እንድናሳልፍ ነው የታሰበው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የደገመ ልጅ ትምህርቱን ጥሎ ይሄዳልና። ነገር ግን ምዘናው ልጁን ከማየት ይልቅ ቅጽ መሙያ ሆነ። ጥፋቱን እዚያ ፈልጉት እንጂ በሥዕልና በስፖርት አታሳብቡ።

ኢኮኖሚክስ ያጠና ወላጅ
ጨዋታው በስሜት ብቻ እንዳይሆን ቁጥር ላምጣ። በ2002 ዓ.ም. አማርኛን ጨምሮ በስድስት ቋንቋዎች የታችኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። ሁለተኛ ክፍል ላይ 34 በመቶዎቹ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። የዓለም ባንክ ደግሞ በኢትዮጵያ አሥር ዓመት ከሞላቸው ልጆች 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም ይላል። መጨረሻውን ሁላችንም አይተነዋል። የ12ኛ ክፍልን ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ያለፈው በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ነው። ሥሩ ታች ነው። ስለዚህ ይቀነስ ከሚሉት ወገን ነኝ።

የሦስተኛ ክፍል መምህርት፣ አዲስ አበባ
ወንድሜ፣ ቁጥሮቹን አልቃወምም። ግን እነዚህ የ12ኛ ክፍል ልጆች ታች ሳሉ የተማሩት በድሮው መጽሐፍ ነው። ስምንቱን ትምህርት ያመጣው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ተሞክሮ የሰፋው በ2014 እና በ2015 ነው። የ2002ቱ ምዘና ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አልታሰበም። ያኔ የዛሬው ግብረ ገብ አልነበረም። እና የንባቡ ችግር ከስምንቱ ትምህርት በፊትም ነበረ ማለት ነው። ያመጣኸው ማስረጃ ላንተ ሳይሆን ለእኔ ነው የሚመሰክረው።

ኢኮኖሚክስ ያጠና ወላጅ
ይህንን እቀበላለሁ። የ12ኛ ክፍሉን እዚህ ማምጣቴ ልክ አልነበረም። የንባቡ ቁጥር ግን በቦታው ነው። ቤቱ ድሮም የሚያፈስ ሆኖ ሳለ ለምን ሌላ ዕቃ እንጨምርበታለን?

የግል ትምህርት ቤት ወላጅ፣ ሲኤምሲ
እኔ ጋ ስምንት አይደለም፣ አሥራ አንድ ነው። ሒሳብና ሳይንስን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነው የምትማረው። ልጄ «ሃቢታት» ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ አሳምራ ትነግራችኋለች። «መኖሪያ» ስላት ግን ቤታችን ብቻ ነው የሚመጣላት። ገንዘቤን ከፍዬ ያገኘሁት ይሄ ነው፣ ያሳስበኛል።

አንድ ነገር ግን ማንም ያላነሳው አለ። ልጆቻችን ሦስት ቋንቋ በሁለት ዓይነት ፊደል ነው የሚማሩት። የላቲኑ «ሲ» በእንግሊዝኛ አንድ ጊዜ «ክ»፣ አንድ ጊዜ «ስ» ነው። በአፋን ኦሮሞ ቁቤ «ጭ» ይሆናል። «ኤክስ» ደግሞ ቁቤ ላይ «ጥ» ነው። የአማርኛውን ፊደል ገና ያልጨረሰ ልጅ ይህን ሁሉ ባንዴ እንዴት ይለየው? ቋንቋ ይቅር አላልኩም። አንዱ ፊደል ይጽና፣ ከዚያ ሌላው ይምጣ ነው የምለው።

እናት፣ ቡራዩ
የእኔ ልጆች ከቤት ኦሮምኛ፣ ከጎረቤት አማርኛ ይዘው ነው ያደጉት። ቁቤውንም ፊደሉንም ለይተው ያነባሉ። ሲጀምሩ አምታቷቸው ነበር፣ ስድስት ወር አልቆየም። ልጅ ጆሮው የለመደውን ቋንቋ ቶሎ ያነበዋል። የሚከብደው ሰፈሩ ውስጥ ሰምቶት የማያውቀውን በመጽሐፍ ብቻ ሲያገኘው ነው። የሚዘገይ ካለ እንግሊዝኛው ይዘግይ። የጎረቤቱን ቋንቋ መማር ለልጅ ትልቅ ነገር ነው፣ እባካችሁ እንደ ሸክም አትቁጠሩት።

የጥበባት መምህር
ስማችን ተነስቶ ዝም ማለት አልቻልኩም። በየስብሰባው መጀመሪያ የሚቆረጠው የኛ ክፍለ ጊዜ ነው። ፈተና ሲቃረብ «ያንተን ለሒሳብ ስጥልን» ይሉኛል፣ እሰጣለሁ።

ግን እኔ ክፍል ምን እንደሚሠራ ኑና እዩ። እንቆቅልሽ እናስገባለን። ጠያቂው ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። «ምን አውቅልህ» ያለው መልሱን ይጽፋል። ያላወቀ አገር ይሰጣል፣ ያገሩንም ስም ይጽፋል። ደሴ፣ ጅንካ፣ ነቀምቴ፣ ጎዴ። አማርኛ ክፍል ውስጥ አፉን የማይከፍት ልጅ አገር ላለመስጠት ብሎ ሲያነብ አይቻለሁ። መዝሙር ስናስጠና ግጥሙን ትልቅ አድርጌ እጽፍና በዱላ ቃሉን እየነካሁ እናዜማለን። አፉ የያዘውን ቃል ዓይኑ ያገኘዋል። ይህ ንባብ ካልሆነ ንባብ ምንድን ነው?

የሁለት ልጆች እናት፣ ኮልፌ
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን አላውቅም ነበር። የእኔ ልጅ በጥበባት ደብተሩ ላይ ያለው ግን ከሰሌዳ የተገለበጠ ማስታወሻ ነው። «ሙዚቃ ማለት…» ብሎ ይጀምራል። ሥዕል የለ፣ መዝሙር የለ። እርስዎ እንዳሉት ቢሆን ኖሮ እኔም እንዲቀር ባልጠየቅኩ።

መምህር፣ ሰሜን ወሎ
የኛን ነገር ብጨምር። እኛ ጋ ጦርነቱ ትምህርት ቤት አዘግቷል፣ መቀመጫና መጽሐፍ አጥፍቷል። ሦስተኛ ክፍሌ ውስጥ 13 ዓመት የሞላው ልጅ አለ። ከእነዚህ ልጆች ጋር ስምንቱንም በመጽሐፉ ቅደም ተከተል ልሂድ ብል ውሸት ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ንባብ ብቻ እንሠራለን። ሰውነት ማጎልመሻን ግን አልነካም። ኳስ ያለበት ቀን ቀሪ የለም። ያ የ13 ዓመት ልጅ ከትንንሾቹ ጋር «ሀ ሁ» ማለት ያፍራል። ሜዳ ላይ ግን አለቃ እሱ ነው። ሜዳውን ብወስድበት ክፍሉንም ይተወዋል።

እናት፣ ቨርጂኒያ
ከሩቅ ሆኜ እያነበብኩ ነው። የልጄ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ላይ በየቀኑ 90 ደቂቃ ለንባብ ብቻ ይሰጣል። በዚያ ሰዓት ማንም ሌላ ሥራ አያስገባም። ሙዚቃም ሥዕልም ስፖርትም ግን አለ። ዋናው ልዩነት ያለው አንዲት መምህርት 22 ልጅ መያዟ ላይ ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ታስነብበዋለች። ማርክ አትሰጥም። የት እንደሚቆም ጽፋ ትልክልኛለች። የሰንበቱ የፊደል ትምህርታችን በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው፤ እዚያም እኛ ይህንኑ ጀመርን፣ ለውጥ አይተናል።

ጡረታ የወጣ አስተማሪ፣ ደብረ ብርሃን
ሁላችሁንም ሰማሁ። የወሎው መምህር የሚያደርገው እኔ የምለው ነው፤ ጠዋቱን ለንባብ ሰጥቷል። ስምንት ፈተና ግን አሁንም አልዋጥ ይለኛል። የስምንት ዓመት ልጅ ስለ ግብረ ገብ ትርጉም ጽፎ እንዲፈተን ለምን ይደረጋል? እኔ በንጉሡ ጊዜ ግብረ ገብ ተምሬያለሁ። ያስታወስኩት የመምህሬን አኳኋን ነው እንጂ የመጽሐፉን ትርጓሜ አይደለም።

የሦስተኛ ክፍል መምህርት፣ አዲስ አበባ
ጋሼ፣ እዚህ ላይ አንድ ነን። ግብረ ገቡ ይኑር፣ ወረቀት ፈተናው ይቅር። ማንበብ የማይችል ልጅ ግብረ ገብ ሲወድቅ ጥያቄውን ስላላነበበ እንጂ ባለጌ ስለሆነ አይደለም። እኔ እርማት ላይ በየጊዜው የማየው ይህንን ነው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ኮልፌ
ቅዳሜ የወላጅ ስብሰባ አለን። ስገባ «ስድስቱ ይውጡ» ልል ነበር፣ ትቼዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች በየቀኑ ለንባብ ይሁኑ እላለሁ። የጥበባት፣ የግብረ ገብና የስፖርት የጽሑፍ ፈተና ይቅር እላለሁ። ደግሞ መንፈቀ ዓመቱ ሳያልቅ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ይነበብለት ሳይሆን ያንብብ፣ ውጤቱም ለወላጅ ይነገር። ሰው ካነሰ እኛ እናቶች ተራ ገብተን ሌሎቹን ልጆች እንይዛለን። ጽፌ ፈርሜ ለወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) ሰብሳቢ እሰጣለሁ።

ኢኮኖሚክስ ያጠና ወላጅ
እኔም እፈርማለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ልጆች ልይዝ እችላለሁ።

የሦስተኛ ክፍል መምህርት፣ አዲስ አበባ
እህቴ፣ እስከ ቅዳሜ ሳትጠብቂ አንድ ነገር እንሞክር። ልጅሽ «ዕፅዋት» እና «ማጎልመሻ» ላይ የቆመው ሳድስ ፊደል ላይ ይመስለኛል። ሳድስ አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ ዝም ይላል፤ ፊደሉ ላይ ምልክት የለውም። ብዙ ልጆች እዚያ ይቆማሉ፣ የማይችሉ መስለው ይታያሉ። ዛሬ ማታ «ልብስ»፣ «ክብር»፣ «ምስክር» የሚሉትን ጽፈሽ አስነብቢው። አትቆጪው፣ አታርሚውም። የት እንደቆመ ብቻ ንገሪኝ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ኮልፌ
አስነበብኩት። «ልብስ»ን ወዲያው አለው። «ክብር»ን ሁለት ጊዜ ሞክሮ አገኘው። «ምስክር» ላይ «ሚ፣ ሲ፣ ኪ፣ ሪ» እያለ ቆመ።

የሦስተኛ ክፍል መምህርት፣ አዲስ አበባ
ተመስገን፣ ገባኝ። ነገ «ምስ» ብቻ፣ «ክር» ብቻ ለየብቻ ጻፊለት። ሁለቱን ሲያነብ ወረቀቶቹን አጠጋጊያቸው።