ሜሞሪዬ «ፎርማት ይደረግ?» አለኝ፣ የ211 ቀን ፎቶ ውስጡ አለ፣ ድረሱልኝ

ድልድይ ላይ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። መልስ ቶሎ እፈልጋለሁ፣ ከ12 ሰዓት በፊት። ከመስከረም 1 ጀምሮ በየቀኑ አንድ ፎቶ አነሳለሁ። ደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ፣ ያው አንድ ቦታ፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል። ዛሬ ሚያዝያ 2፣ 212ኛ ቀኔ ነው። ትናንት ማታ ሜሞሪውን አውጥቼ ሌላ ላይ ስከተው «አይሠራም፣ ፎርማት ይደረግ?» አለኝ። ላፕቶፕ ላይም ያው ነው። ፎቶዎቹ ሌላ ቦታ የሉኝም። እሺ ልበለው ወይስ ምን ላድርግ? ባክአፕ አለማድረጌን አውቃለሁ፣ እሱን አትንገሩኝ።

ቀፊራ ማዶ፦
አቦ እሺ እንዳትለው! እጅህን ሰብስብ። ሜሞሪውን አውጣና የሆነ ቦታ አስቀምጠው፣ አዲስ ፎቶም እንዳታነሳበት። ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ፈጢራ በማር፦
212 ቀን ድልድይ ላይ የቆመ ሰው ትራፊክ ፖሊስ እንጂ ፎቶ አንሺ አይባልም 😂

ስክሪን ቀያሪው፦
ቀላል ነው። ፎርማት አድርገው፣ ከዚያ የጠፋ በሚመልስ ፕሮግራም (ሪከቨሪ) ታወጣዋለህ። እኔ ስንቱን አውጥቻለሁ።

ሳቢያን ማታ ማታ፦
@ስክሪን ቀያሪው ወንድሜ፣ ፈጣኑ ፎርማት ብዙ ጊዜ ፎቶዎቹን ሳይሆን ማውጫውን ነው የሚያጠፋው፣ እውነት ነው። ግን ሳይነኩት ማውጣት እየተቻለ ለምን ይነካል? ፎቶሬክ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ በነጻ ነው። ላፕቶፕ ላይ ጫነውና ሜሞሪውን በካርድ ማንበቢያ (ሪደር) አገናኝ። የሚያወጣውን ላፕቶፑ ላይ አስቀምጥ፣ እዚያው ሜሞሪ ላይ መልሰህ እንዳትገለብጥ። የፋይሎቹን ስም አይመልስልህም። የተነሱበት ቀን ግን ፎቶው ውስጥ ተጽፎ ስለሚቀመጥ፣ በፈረንጅ ቀን ቢሆንም፣ መልሰህ ትደረድራቸዋለህ።

ግመል ተራ፦
ይቅርታ አድርግልኝና ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ደቻቱ እኮ አሸዋ ነው። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ። 211ዱን ብታጣ በቀረችህ አንዷ ሁሉንም አየህ ማለት ነው።

የድሮ ፎቶ ቤት፦
የዘንድሮ ልጆች ችግራችሁ አለማተም ነው። ጄሚ ሊቪንግስተን የሚባል የኒውዮርክ ሰው ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 1979 ጀምሮ በቀን አንድ ፖላሮይድ ያነሳ ነበር። ሳይሰለች 18 ዓመት! የመጨረሻዋ የተነሳችው በሞተበት ቀን ነው፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 1997። ከ6,000 በላይ ፎቶ ተረፈው። ለምን? ወረቀት ስለነበረ! ወረቀት ፎርማት ይደረግ ብሎ አይጠይቅም። እኛም ዘመን አንድ ጥቅል ፊልም 36 ነበር፣ ሰው ከመጫኑ በፊት ያስብ ነበር…

ፈጢራ በማር፦
@የድሮ ፎቶ ቤት ወረቀት ግን ጎርፍ ይወስደዋል። ደቻቱ አጠገብ ነን እኮ።

የድሮ ፎቶ ቤት፦
በእሱስ አትቀልድ። የ1998 ዓ.ም.ን ጎርፍ ያየ ሰው አይቀልድም።

ፈጢራ በማር፦
ልክ ነህ፣ ይቅርታ።

ድልድይ ላይ፦
በመጀመሪያ፣ አንቺ በሉኝ 🙂 ሁለተኛ፣ @ግመል ተራ፣ አሸዋው አንድ ቀን እንኳ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። መስከረም ላይ ግንቡ ላይ የክረምቱ ውሃ የደረሰበት ቀይ መስመር ነበር፣ ጥቅምት ሲወጣ ነጣ፣ ኅዳር ላይ ፈልጌም አጣሁት። በ43ኛው ቀን አንዲት አህያ መሃል ላይ ቆማ ቀጥ ብላ ታየኛለች፣ ባለቤቷ የለም። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ለጎል የሚያቆሟቸው ሁለት ድንጋዮች በየሳምንቱ ቦታ ይቀይራሉ። በ190ኛው ቀን ደግሞ ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ዘንቦ ውሃ መጣ። በነጋታው ድንጋዮቹ የሉም፣ ልጆቹ ግን ሌላ ሁለት አምጥተው ይጫወታሉ። እና በአንዷ ሁሉን አየሽ ትለኛለህ?

ግመል ተራ፦
እሺ አህያዋን ማየት እፈልጋለሁ።

ባጃጅ 12፦
ፎቶሬክ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ሞክረው።

ሳቢያን ማታ ማታ፦
@ባጃጅ 12 እኔ ከላይ ምን ጻፍኩ?

ሆጃ፦
እህቴ፣ ከመነሻው አንድ ነገር አልገባኝም። ሜሞሪውን ከምንድነው ያወጣሽው? ለምንስ አወጣሽው?

ድልድይ ላይ፦
ከስልኬ ነዋ። ትናንት ፎቶውን አንስቼ ስመለስ ወደቀና ስክሪኑ ጨለመ። ሲደወልለት ይጠራል፣ ምንም ግን አይታይም። ሜሞሪውን አውጥቼ ወንድሜ ስልክ ላይ ከተትኩት። አይገናኝም ብዬ ነው ያልጻፍኩት።

ሆጃ፦
በደንብ ይገናኛል እንጂ! ሜሞሪሽ ያልተበላሸ ሊሆን ይችላል። ከአንድሮይድ 6 ወዲህ አንዳንድ ስልኮች አዲስ ሜሞሪ ሲገባ ይጠይቃሉ፤ እንደ ተራ ሜሞሪ ልያዘው ወይስ የስልኩ የራሱ ማከማቻ ይሁን? ሁለተኛውን ከመረጥሽ ስልኩ ሜሞሪውን ይቆልፈዋል። ቁልፉ ያለው እዚያው ስልክ ውስጥ ነው። ሌላ ስልክም ላፕቶፕም ባዶ ወይም የተበላሸ መስሏቸው ፎርማት ይላሉ። ፎቶሬክም ምንም አያገኝም፣ የሚያየው የተቆለፈ ነገር ስለሆነ። ስታስገቢው እንደዚያ ጠይቆሽ ነበር?

ድልድይ ላይ፦
የሆነ ነገር ጠይቆኛል። ቦታ አልቆብኝ ስለነበር ሳላነብ እሺ እሺ አልኩት። ከዚያ በኋላ ፎቶም አፕም ወደሱ ሄደ፣ ስልኩ ቀለል አለው።

ሆጃ፦
አዎ፣ እሱ ነው። በይ እንግዲህ፣ ስክሪኑን ብቻ አስቀይሪ፣ ሜሞሪውን ወደ ቦታው መልሺ፣ ስልኩን በይለፍ ቃልሽ ክፈቺው። ፎቶዎቹ ያኔ ይመጣሉ ብዬ አስባለሁ። ወዲያው ወደ ላፕቶፕ ገልብጪ። ስልኩን ግን ማንም ሪሴት እንዳያደርገው፣ ማለት ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ እንዳያደርገው። ሪሴት ከተደረገ ቁልፉ ጠፋ፣ ሜሞሪው እጅሽ ላይ እያለ ፎቶዎቹ የሉም ማለት ነው።

ስክሪን ቀያሪው፦
ስክሪን ከቀየርን በኋላ አንዳንዴ ሶፍትዌሩንም ፍላሽ እናደርገዋለን (አጥፍተን እንደ አዲስ እንጭነዋለን)፣ ስልኩ ፈጣን ይሆናል።

ሆጃ፦
@ስክሪን ቀያሪው አቦ በናትህ!!

ድልድይ ላይ፦
ወይኔ። ስልኩን ጠዋት ወንድሜ ጠጋኝ ቤት ወስዶታል። «ሙሉ አስተካክለው» ነው ያለው።

ቀፊራ ማዶ፦
አሁኑኑ ደውዪ! ስክሪን ብቻ በይው፣ ሌላ አትንካ በይው።

ድልድይ ላይ፦
ወንድሜ አያነሳም። በርጫ ላይ ነው። በባጃጅ እየሄድኩ ነው።

ሳቢያን ማታ ማታ፦
የዛሬዋን በወንድምሽ ስልክ አንሺ፣ ቀኗ አታምልጥሽ። ያንን ሜሞሪ ግን እንዳትከቺበት፣ ስልኩ ላይ ትቀመጥ።

የድሮ ፎቶ ቤት፦
አንስተሽም አትሚያት።

ፈጢራ በማር፦
የወንድሟ ስልክ እኮ በርጫ ላይ ነው።

ባጃጅ 12፦
አሁን 12 ከሩብ በድልድዩ አለፍኩ። ስልክ ይዘው የቆሙ ሦስት ሴቶች አየሁ፣ አንዷ እየተጣደፈች ነበር። እሷ ትሁን አላውቅም። ተሳፋሪ ስለነበረኝ አልቆምኩም።

ሆጃ፦
@ድልድይ ላይ ደረስሽ? ነክቶታል?

ግመል ተራ፦
ሦስት ቀን ሆነ። እህት፣ አህያዋስ?

ገንደ ቆሬ፦
ሰላም፣ እኔም ተመሳሳይ ችግር ነው ያለብኝ፣ ግን የኔ ፍላሽ ነው፣ የእህቴ ሰርግ ቪዲዮ ውስጡ አለ፣ ልጄ ውሃ ውስጥ ከተተው። ፎርማት ላድርገው?