አስቸኳይ፦ ሁለት መጽሐፍ ሁለት ቁጥር፣ ሚዛኑም ይዋልላል፤ ባሩዱ ከስንት ይጀመር?

የከዚራ ልጅ፦
እባካችሁ ቶሎ በሉ። ታናሽ ወንድሜ ሚኒሶታ ነው፣ እዚያ የተፈቀደ ነው። የ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ቀለህ መልሶ ሊሞላ ተቀምጦ አሁን በቪዲዮ ይዞኛል። 50 ቀለህ መለኮሻቸው (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) ገብቶ ተደርድረዋል። ሁለት የጥይት አሞላል መጽሐፍ አለው፤ ለ115 ግሬን (ትንሽ የክብደት መለኪያ ናት) ዐረር የአንዱ መጽሐፍ መነሻ የባሩድ መጠን ከሌላው በ0.4 ግሬን ይበልጣል። ሚዛኑ ደግሞ ያንኑ ባሩድ አንዴ 4.6፣ አንዴ 4.9፣ አንዴ 4.4 ይለዋል። የቱን ይመን? እንደ እኔ ያለ የወርቅ ሚዛን ቢገዛስ?

ሳቢያን፦
አቦ፣ የባሩዱ ስም የታለ? አንድ ማንኪያ ይበቃል ወይ ትላለህ፤ ስኳር ነው ሚጥሚጣ?

ሸዋ በር፦
መጀመሪያ ይህ ይታወቅ። እኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ ራሱ ያስጠይቃል፣ ጥይት መሥራት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ይህን አንብቦ እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ባሩድ ፍለጋ የሚወጣ እንዳይኖር። ጥይት የሚገዛበት አገር ተቀምጦስ መሙላቱ ለምን አስፈለገ?

የከዚራ ልጅ፦
ጋሼ፣ ልጁ ሚኒሶታ ነው አልኩ እኮ። መስመር ላይ እየጠበቀኝ ነው።

ቶርኖ ቤት፦
መጽሐፎቹ አልተጣሉም። እያንዳንዱ በራሱ በርሜል፣ በራሱ ዐረር የሞከረውን ነው የጻፈው። 115 ግሬን ክብደት ብቻ ነው፤ አንዱ ሙሉ እርሳስ፣ ሌላው መዳብ የለበሰ፣ አንዱ ሹል፣ ሌላው ደምዳማ ሊሆን ይችላል። ዋናው ደግሞ ርዝመቱ ነው። የ9 ሚሊሜትር ቀለህ ሆዱ ጠባብ ስለሆነ ዐረሩ ትንሽ ጠለቅ ብሎ ከተቀመጠ ያው ባሩድ ግፊቱን ብድግ ያደርገዋል። የጥይቱ የግፊት ጣሪያ በስኩዌር ኢንች 35,000 ፓውንድ ነው። ስለዚህ ዐረሩን በዓይነቱ የጠቀሰውን ገጽ ይያዝ፣ ሙሉ ርዝመቱን በካሊፐር ይለካ፣ ገጹ ላይ ካለው እንዳያሳጥር። ሁለቱም ገጾች ለእሱ ዐረር የሚሆኑ ከሆነ ከዝቅተኛው መነሻ ይጀምር። በአንድ መጠን ከአምስት እስከ አሥር ጥይት ይሙላ፣ ተኩሶ ይይ፣ ከዚያ በ0.1 ግሬን ከፍ። 50ውን በአንድ ቁጥር እንዳይሞላው!

ሳቢያን፦
መጽሐፉ ካለው ከፍተኛ የባሩድ መጠን ላይ 10 በመቶ መቀነስ ነው፣ አለቀ።

ቶርኖ ቤት፦
መነሻ ያልተጻፈ ከሆነ አዎ፤ ከፍተኛው 5.0 ከሆነ 4.5። መነሻ ተጽፎ ሳለ ግን የተጻፈውን ነው መያዝ።

አምስት በር፦
መለኮሻዋን እያየ ይጨምር። ካልተጠፈጠፈች ችግር የለም።

ቶርኖ ቤት፦
ወሪያ፣ ይህ ነው ሰው የሚጎዳው። በሽጉጥ ላይ መለኮሻ እስኪጠፈጠፍ ወይ የቀለሁ ታች እስኪያብጥ ከጣሪያው አልፈህ ሊሆን ይችላል። የባሩዱ ጣሪያ መጽሐፉ ላይ ያለው ከፍተኛ ቁጥር ነው።

አምስት በር፦
እሺ፣ ለመጠንቀቅ ከመነሻውም በታች ይውረድ።

ወርቅ ቤት፦
እሱም አይሆንም። ባሩድ ሲያንስ ዐረሩ በርሜል ውስጥ ይቀራል፣ ቀጣዩ ጥይት መንገድ ሲያጣ በርሜሉን ይነፋዋል። ድምፁ ፍስስ ካለ ወይም ሽጉጡ ቀለሁን ካልተፋ ያቁም፣ ያራግፍ፣ በርሜሉን በብርሃን ይይ። ኤች 110 የሚባለውን የማግነም (የኃይለኛ ሽጉጥ ጥይት) ባሩድ አምራቹ ራሱ 3 በመቶ ብቻ ቀንሳችሁ ጀምሩ ነው የሚለው፤ የሳቢያን 10 በመቶ እዚያ አይሠራም።

የከዚራ ልጅ፦
ሚዛኑስ? ሚዛኑን ረሳችሁት!

ሳቢያን፦
ድሬ አምጣው፣ ሙቀቱ ያደርቀዋል 😂 ስልኩን ግን የት ነው ያስደገፈው? ሚዛኑ ላይ እንዳይሆን።

ወርቅ ቤት፦
ሳቢያን ዛሬ አንድ ነገር ተናገረ። ስልክ አጠገቡ ሲሆን ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ይረበሻል፣ ማራገቢያና ኤሲም ያወዛውዙታል። ስልኩን ያርቅ፣ ማራገቢያውን ያጥፋ፣ ሚዛኑን አብርቶ ግማሽ ሰዓት ይተወው፣ ከዚያ በመፈተሻ ክብደቱ ያስተካክል። ለጊዜው አንድ ዐረር ያስቀምጥ፤ ወደ 115 ግሬን ማሳየት አለበት። 7.45 ካለ ግራም ላይ ነው፣ 37 ካለ ካራት ላይ ነው። የአንተን የወርቅ ሚዛን ተወው፦ 0.01 ግራም ማለት 0.15 ግሬን ነው፣ 0.1 ግሬን የሚፈልግ ሥራ አይችልም።

ቶርኖ ቤት፦
ጠረጴዛው ላይ አንድ የባሩድ ቆርቆሮ ብቻ ይኑር። በ9 ሚሊሜትር ፈጣን ባሩድ ሁለት ጊዜ ቢገባም ቀለሁ ላይፈስ ይችላል፣ እጅ አያውቀውም። ዐረር ከማስቀመጡ በፊት 50ውንም በባትሪ ከላይ ይያቸው፤ የባሩዱ ከፍታ ከጎረቤቱ የተለየ ካለ ይገልብጠው።

የከዚራ ልጅ፦
ስልኩን ወንበር ላይ አደረገው። 4.6፣ 4.6፣ 4.6! ዐረሩ 114.9 አሳየ። ተመስገን። አሁን ሊሞላ ነው።

ቶርኖ ቤት፦
ቆይ! የባሩዱን ስም እስካሁን አልነገርከንም። 4.6ቱ የየትኛው ገጽ ነው?

ሳቢያን፦
ዘጋ እንዴ?

ቶርኖ ቤት፦
የከዚራ ልጅ፣ የባሩዱ ስም።